ሁለት መሰላል

«ሰባት ነው» አለች እትዬ ፊደል፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ።

«እኔ አንድ መስሎኝ ነበር» አለ ፕሮግራመሩ።

«አንድማ ቢሆን አናቱ ላይ ይቺን ቆብ አይደፋም። ጋሽ ዓይኔ አንድን ሲጽፉ ተረጋግተው ነው፤ ሰባት ላይ ሲደርሱ ግን አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው ይጣደፋሉ። እየው፣ ጅራቱን እንኳ ሳይጨርሱ ነው የሄዱት።»

ፕሮግራመሩ ወረቀቱን አስጠጋ፣ አራቀ፣ አንገቱን አጣመመ፤ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። «እሺ፣ ሰባት። ፋይሉም ሰባት ነው የሚለው» ብሎ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት አደረገ። ቤቱ የሦስት ወር ሕፃን ስላለ ዓይኖቹ ሁልጊዜ ቀልተው ነው የሚመጣው፤ በሁለት ትዕዛዝ መካከል ባገኛት ክፍተት አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሸለብ ያደርገዋል። እትዬ ፊደል ደግሞ ሳትተኛ ነው የምታልመው። ስለዚህ ሁለቱ ሳይጣሉ ይሠሩ ነበር።

የሚሠሩበት ቤት የመነጽር ሌንስ የሚሞረድበት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ስድስት ማሽኖች ውሃ እየረጩ ሌንስ ይሞርዳሉ፤ ድምፃቸው ወለሉን አልፎ ፎቅ ላይ ያለ ሰው እግር ሥር ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። ፎቁ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ የእትዬ ፊደል ጠረጴዛ አለ። ዐሥራ አንድ የመነጽር ቤቶች የደንበኞቻቸውን ዓይን ይለኩና ቁጥሩን በእጅ ጽፈው ይልካሉ። እሷ ታነባለች፣ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለች፣ ማሽኖቹ ያስገባችውን ይሞርዳሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖሯል። ሌላው ሰው የዶሮ ጭረት ነው ብሎ የጣለውን ጽሕፈት እሷ እንደ ጋዜጣ ስለምታነበው ነው «እትዬ ፊደል» ያሏት፤ ከጊዜ በኋላ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሆነ።

ቁጥር ስታነብ ሰው ይታያታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ከወንድሟ በቀር። ከዜሮ በታች ስምንት ያየች እንደሆነ፣ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካፖርት «ማነህ?» የሚል ሰው ፊቷ ይቆማል። የንባብ ቁጥር ብቻ ከመጣ፣ መነጽር አላደርግም ብሎ ክንዱ እስኪያልቅ ድረስ ጋዜጣውን አርቆ የያዘ፣ አሁን ገና የተሸነፈ ኩሩ ሰውዬ ይመጣል። አንዳንዴ እንዲህ በሐሳብ ጭልጥ ብላ ትሄድና ጣቶቿ ብቻቸውን ሲጽፉ ታገኛቸዋለች። ተሳስተው ግን አያውቁም።

አሁን ያ ሁሉ ሊቀር ነው። ሥራ አስኪያጁ ከመነጽር ቤቶቹ ጋር ተስማምቶ ትዕዛዝ በወረቀት መምጣቱ እንዲያበቃ ወስኗል። ከእንግዲህ የእነሱ ኮምፒውተር ከዚህኛው ኮምፒውተር ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። የሚነጋገሩበትን መንገድ ኤክስኤምኤል ይሉታል። ፕሮግራመሩ ሥራ የጀመረ ዕለት ነበር ያስረዳት።

«ሲስተሞቹ የተለያዩ ናቸው እትዬ። የነሱ ሌላ፣ የእኛ ሌላ። ስለዚህ የሚላከውን ነገር ሁሉ ስም እያወጣንለት እንልከዋለን። ‹ቀኝ ዓይን› ብሎ ይከፍታል፣ ቁጥሩን መሐል ላይ ያስቀምጣል፣ ‹ቀኝ ዓይን አበቃ› ብሎ ይዘጋል። ‹ግራ ዓይን› ብሎ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የቱም ሲስተም ቢቀበለው ምኑ የምን እንደሆነ አይምታታበትም። ሰው እንኳ ቢያነበው ይገባዋል።»

«ሰው ቢያነበው የሚገባው ከሆነ፣ ሰው ለምን አያነበውም?»

ፕሮግራመሩ ሳቀ። «አያስፈልግማ፣ እትዬ!»

በክፋት አልነበረም የተናገረው። ቃሉ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲወጋት ከረመ።

ያ ቀን የሙከራው ቀን ነበር። ከጋሽ ዓይኔ መነጽር ቤት አርባ አንድ ትዕዛዞች በወረቀትም በፋይልም መጥተዋል። «ጋሽ ዓይኔ» የተባሉት፣ ለኪውንም ተለኪውንም፣ አዛውንቱንም ሕፃኑንም «ዓይኔ» ብለው ስለሚጠሩ ነው። እትዬ ፊደል ወረቀቱን ታነባለች፣ ፕሮግራመሩ ፋይሉን ይመለከታል፤ ከተስማማ አረንጓዴ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ዛሬ አርባ አንዱም ከተስማማ፣ ከሰኞ ጀምሮ ዐሥራ አንዱም ቤቶች ወረቀት ያቆማሉ» ብሏቸዋል። የተፈተሹት ትዕዛዞችም እዚያው ወደ ማሽን ክፍል ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ተሞርደው ነገ ለባለቤቶቻቸው ይሰጣሉ። ሙከራ ቢባልም የሚጠብቁት ዓይኖች የእውነት ነበሩ።

«ሠላሳ ሦስት» አለ ፕሮግራመሩ።

እትዬ ፊደል ወረቀቱን ስታነሳ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ከቀኝ ዓይን ቁጥር አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ፣ በእጅ የተሳለ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ጫፉ ላይ ወደ አፍንጫ የሚያመለክት ቀስት፣ ውስጡ አራት ቁጥር። ከሥሩ በጋሽ ዓይኔ ጥድፊያ «ጣሪያ ሠሪው» ይላል።

ታውቀዋለች። አይታው አታውቅም እንጂ ታውቀዋለች። በየሁለት ዓመቱ ይመጣል። የሁለት ዓይኖቹ ዕይታ አልገናኝ ብሎ፣ ያለ መነጽር ማንኛውንም ነገር ሁለት አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። ያ ሦስት ማዕዘን ፕሪዝም ይባላል፤ ሌንሱ በአንድ በኩል ወፈር ተደርጎ ሲሞረድ የአንዱን ዓይን ምስል ገፋ ያደርገውና ከሌላው ጋር ያገጥመዋል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ በወር አንድ ቢመጣ ነው። የድሮው ሲስተምም ለፕሪዝም ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህ በመጣ ቁጥር እትዬ ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ለይታ ጽፋ፣ ራሷ ደረጃውን ወርዳ ለሞራጁ ትሰጠዋለች። ስትመለስ አንድ ደረጃ አንድ፣ አንድ ጨረቃ አንድ ሆኖለት ጣሪያ ላይ ተቀምጦ የሚያፏጭ ሰው እያየች ነበር የምትወጣው።

ስክሪኑ ላይ ቀኝ ዓይን ተከፍቷል፣ ተዘግቷል። ግራ ዓይን ተከፍቷል፣ ተዘግቷል። ሦስት ማዕዘን የሚባል ነገር የለም።

«እትዬ? ቀኝ ከዜሮ በታች ሁለት ከሩብ፣ ግራ ከዜሮ በታች ሁለት። ልክ ነው?»

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። የተጠየቀችው ስለ ቁጥሮቹ ነው።

«ልክ ነው» አለች።

አረንጓዴ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ፕሮግራመሩ ደብተሩን ዘርግቶ «ወረቀቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩኝ» ብሏት ነበር። ነገረችው። ሃያ ሦስት ነገር ዘረዘረች፤ በዐሥር ዓመት አንዴ የሚመጣውን የሌንስ ቀለም እንኳ አልረሳችም። «ሌላስ?» ባላት ጊዜ ሦስት ማዕዘኑ ዓይኗ ላይ መጣ። አፏን ከፈተች። ያኔ ነበር ያ «አያስፈልግማ» የወጋት። መስኮቱን ዞር ብላ አየች፤ ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ አንድ ሰው መስታወት ያጥባል፤ ጨርቁ ይሄዳል፣ ይመለሳል። «ይኸው ነው» አለች። ረስቼው ነው ብላ ራሷን ልታሳምን ብዙ ሞክራለች። ግን አልረሳችም። እንዲህ አንዲት ነገር፣ አንዲት ብቻ፣ ለራሷ አስቀርታ ነው።

ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት እያሉ አርባ አንድ ደረሱ። ጣቷ ወረቀት ይገልጣል፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ምን ይሆናል? ሰውዬው ነገ ይመጣል፣ ያደርገዋል፣ ሁለት ጋሽ ዓይኔ ቆመው ያያል፣ «ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም!» ይላል። መነጽሩ ይመለሳል። ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እየቆጠረ ይወጣና ማጅራቱን እያከከ እዚህ በር ላይ ይቆማል። «እትዬ፣ ያለ አንቺ አልሆነልንም» ይላል። እሷም አትኮራም፤ ወንበር ትስብለታለች። ማንም አልተጎዳም። ሁለት ሌንስ ነው የተበላሸው። ይሄ ሕልም ጣፍጧት፣ ፈገግ ማለቷን ያወቀችው ፕሮግራመሩ «ደስ ብሎዎታል መሰለኝ» ሲላት ነው።

«አርባ አንድ ከአርባ አንድ!» አለ ተነስቶ ክንዶቹን እየዘረጋ። «ምሳ እንብላና ለአለቃችን እንንገራቸው።»

ቤቷ ከሥራ ቦታዋ ዐሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ምሳዋን የምትበላው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ወንድሟ ዕድሜ ልኩን ቀለም ቀቢ ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ዕይታውን ከዳር ዳር እየበላ መጥቶ፣ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። ሾርባውን እሱ ነው የሚያሞቀው፤ ዳቦውን እሱ ነው የሚቆርጠው፤ እንዳትነካ ከልክሏታል። የሚጠይቃት ዋጋ አንድ ነው።

«እህስ፣ ዛሬ ማን ማን መጣ?» አለ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«አርባ አንድ ሰው።»

«አርባ አንዱን ተይና አንዱን ንገሪኝ።»

ሌላ ሰው ልትነግረው አስባ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ያ ሰውዬ ሆነ። «ጣሪያ ሠሪው ጋሼ። ያ ሁለት ሁለት የሚያየው።»

«ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት ሞላው ማለት ነው?» ፊቱ ፈካ። «እኔ አንዱንም አላይም፣ እሱ ሁለት ያያል። አንዱን ቢያበድረኝ ሁለታችንም ሰው እንሆን ነበር።»

ሳቀች። ማንኪያዋ ሳህኑን አንኳኳ።

«እኔ የምለው ጋሼ» አለች ሾርባውን እያማሰለች፤ «መነጽሩ ተሳስቶ ቢሠራ ሰውዬው ወዲያው ያውቀዋል፣ አይደል? እዚያው ያወልቀዋል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሁለት እያየ እንዴት አያውቅም?»

ወንድሟ ዳቦውን አስቀመጠ። «ትዝ ይልሻል የመጀመሪያ መነጽሬ? ሳደርገው መሬቱ ዘመመብኝ። ‹ይሄ ነገር› ስል፣ ‹አይዞህ፣ አዲስ ሲሆን እንዲህ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ያስቸግርሃል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ› አሉኝ። ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሉት። ሰው ደግሞ ያምናል። የተማረ ሰው ነዋ የነገረው! እኔም አምኜ በማግስቱ መሰላል ላይ ወጣሁ።»

«ይሄን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ምኑን ልንገርሽ? አልወደቅሁም። ከላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ የመሰላሉ እግር ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ የቱ ላይ እንደምረግጥ አላወቅሁም። ዝም ብዬ እዚያው ቆየሁ። ቀለሙ እጄ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቆየሁ። ‹ምን ሆነሃል?› ሲሉኝ ግድግዳውን እያየሁ ነው አልኳቸው። አፍሬ ነው።» ፈገግ አለ፣ ፊቱን ብርሃኑ ወደሚመጣበት ወደ መስኮቱ አዙሮ። «በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ በእግሬ እየዳበስኩ ወረድኩ። ብልጠቴ እሱ ብቻ ነበር። ምነው አትበዪም? ሾርባው ጨው በዛበት?»

«ሾርባው ጥሩ ነው ጋሼ» አለች። አልቀመሰችውም ነበር።

መንገዱ ላይ ስትመለስ ቀኑ ነጭ ነበር፤ ጥላ የሌለው፣ ነገር ሁሉ ትንሽ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ የሚመስልበት ቀን። ዓይኖቿን ወደ አፍንጫዋ አጥብቃ ስትሰበስባቸው የመብራቱ ምሰሶ ተንሸራቶ ሁለት ሆነ። ባልዲ የያዘችው ሴት ሁለት ሆነች፤ ሁለቱም ሰላም አሏት። አጸፋውን ለየትኛዋ እንደምትመልስ ግራ ገብቷት በመሐላቸው ጎንበስ አለች። የሥራ ቦታዋ በር ጋ ስትደርስ ሦስቱ ደረጃዎች ስድስት ሆነው ጠበቋት። እግሯን አነሳች። የትኛው ነው እውነተኛው? የጫማዋ ጫፍ ጠርዙን መታ፤ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ዓይኗን አፍታታ እንደገና ስታይ ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው። ከታች የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማል። ምሳ ሰዓት አልቆ ሥራ ጀምረዋል።

ወደ ፎቅ አልወጣችም። ወደ ታች ሮጠች፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ቤት ስትሮጥ ያየ ሰው አልነበረም።

«ሠላሳ ሦስት ቁጥር የት ደረሰ?» አለች በማሽኑ ጩኸት ላይ እየጮኸች።

ሞራጁ የጆሮ መከላከያውን አነሳ። «ቀኙ አልቋል። ግራውን ልጀምር ነው።»

«አቁመው።»

«ኮምፒውተሩ ልክ ነው ብሏል እኮ።»

«ኮምፒውተሩን ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አቁመው ወንድሜ!»

ሞራጁ ቁልፉን ተጫነ። ውሃው ቆመ። ያለቀውን ሌንስ ከመያዣው አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፤ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፤ ምንም እንከን አይታይበትም። ለማንኛውም ሌላ ሰው የሚሆን ጥሩ ሌንስ።

ፎቅ ስትወጣ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ልትቀሰቅሰው አሳዘናት፤ ሆኖም ትከሻውን ነካችው። ወረቀቱን ፊቱ ዘርግታ ሦስት ማዕዘኑን አሳየችው፤ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ ነገረችው። እንቅልፉ ከፊቱ ላይ ሲገፈፍ ታየ።

«ሃያ አራተኛ ነገር» አለ በዝግታ። «ዝርዝሩ ላይ አላስገባነውም። ረስተነዋል ማለት ነው።»

«አልረሳሁትም።»

ቀና ብሎ አያት።

«‹ሌላስ?› ስትለኝ ዓይኔ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ጠዋትም ልክ ነው ያልኩህ እያወቅሁ ነው።» ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ መውጣቱ ራሷን ገረማት። «ምክንያቱን አትጠይቀኝ። ታውቀዋለህ።»

ፕሮግራመሩ ስልኩን አንስቶ ወደ እሷ ገፋው። «ጋሽ ዓይኔ ጋ ይደውሉ። ያ ሦስት ማዕዘን ከእነሱ ስክሪን ላይ መጻፊያ እንዳለው እንጠይቅ።»

«የለውም ዓይኔ» አሉ ጋሽ ዓይኔ በስልክ። «ሳስገባ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ወረቀቱ ላይ ግን እንደ ወትሮዬ ሳልኩት። አንቺ እዚያ አለሽ አይደል? እሷ ታየዋለች ብዬ ተኛሁ።»

«ከሰኞ ጀምሮስ? ወረቀት ሲቀር?»

«እሱን ልጠይቅሽ ብዬ ስረሳ ነው ዓይኔ። ጣሪያ ሠሪው ነገ ጠዋት ይመጣል። ሰኞ የትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ሥራ ይጀምራል፣ እንዳታዘገዩብኝ ሲል ነበር።»

«ይደርሳል» አለች። ስልኩን ስትዘጋ ጉንጮቿ ይነዱ ነበር። «እሷ ታየዋለች ብዬ ተኛሁ» የሚለው ጆሮዋ ላይ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ የመጣው ያኔ ነው። ደረጃውን እየቆጠረ አልነበረም፤ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር። «ማሽን ለምን ቆመ? አርባ አንዱም አረንጓዴ ናቸው አልተባለም?»

ፕሮግራመሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት እትዬ ፊደል ቀደመችው። ሁሉንም ነገረችው። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተን» አለ፣ «‹ፈራሁ› ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«አንተስ ‹አትፍሪ› አላልከኝም።»

ይህን ሲሰማ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ። ታች የቆመው ማሽን እንደገና መጮህ ጀመረ። ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ፣ «ለማንኛውም» አለ ለፕሮግራመሩ፤ «ይስተካከላል? ሰኞ እንጀምራለን?»

«ሁለት መንገድ አለ» አለ ፕሮግራመሩ። «አንደኛው፣ ፕሪዝም የሚል ታግ፣ እንደ ‹ቀኝ ዓይን› የሚከፈትና የሚዘጋ ስም፣ እንጨምራለን፣ ግን በፈቃድ። ያለው ሰው ይጽፈዋል፣ የሌለው ያልፈዋል። ሰኞ መጀመር ይቻላል፤ የመነጽር ቤቶቹ ሲስተማቸውን በራሳቸው ጊዜ ያስተካክላሉ። ሁለተኛው ግዴታ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ትዕዛዝ፣ መቶውም ሺውም፣ ወይ ቁጥሩን ይላል ወይ ‹የለም› ይላል። ባዶ ከመጣ ሲስተሙ አይቀበለውም፣ ይመልሰዋል። ግን ዐሥራ አንዱም ቤቶች ስክሪናቸውን ቀይረው እስኪጨርሱ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል።»

«በመቶ ትዕዛዝ አንድ ለማይመጣ ነገር?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በፈቃድ ይሁን። እያንዳንዱን ሰው ‹የለም፣ የለም› ሲያስብሉት ሊውሉ ነው? ይረግሙናል!»

ፕሮግራመሩ ማውዙን ይዞ አልተንቀሳቀሰም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ወደ እሷ ነበር የሚያየው። «እትዬ?»

እትዬ ፊደል እርጥቡን ሌንስ አሁንም በመዳፏ ይዛዋለች። በውስጡ የጠረጴዛዋ ጠርዝ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ የስልኩ ሽቦ፣ የወረቀቱ ክምር። ከሰኞ በኋላ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ እሷ የት እንደምትሆን ማንም አልነገራትም። ሁለት ሳምንት ቢጨመር ለእሷ የሚጨምረው ነገር ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሩ እሷ ራሷ በዘጋችው ቁልፍ ይዘጋል፤ ማንም ደረጃ ወጥቶ የሚጠይቃት ነገር አይኖርም። ይህ ሁሉ ገባት። እንግዳ ነገር፣ አላስደነገጣትም። በረጅም እንቅልፍ መጨረሻ ላይ የክፍሉ ዕቃ አንድ በአንድ ቅርጹን እየያዘ ሲመጣ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነበር የተሰማት።

«ግዴታ አድርገው» አለች።

«እትዬ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዝም ብሎ ማለፍ የሚቻል ከሆነ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም። እኔ አልፌያለሁ። ያኔ ‹የለም› በይ ተብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ‹የለም› ብዬ በጣቴ መጻፍ አልችልም ነበር። ዝም ማለት ነው የቻልኩት።»

ሥራ አስኪያጁ ማጅራቱን አከከ። «ለዐሥራ አንዱ ቤቶች ማን ነው የሚነግርልኝ?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣው ተሟጦ ድካሙ ብቻ ቀርቷል። «ለአንዱ እንኳ ማስረዳት ስንት ቀን ፈጀብኝ።»

ፕሮግራመሩ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ «ፕሪዝም» ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ከጎኑ «ግዴታ» የሚል ቃል ቆመ። ከዚያ እትዬ ፊደል አይታ ከጨረሰቻቸው ትዕዛዞች አንዱን እንደነበረ መልሶ ላከው። ሲስተሙ ቀይ ሆኖ መለሰው። ሌላ ላከ፤ ያም ቀይ። ጠዋት አርባ አንድ ጊዜ አረንጓዴ የነበረው ስክሪን ከላይ እስከ ታች ቀላ።

እሷ የጣሪያ ሠሪውን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ለሞራጁ ላከችና የመነጽር ቤቶቹን የስልክ ዝርዝር ፊቷ ዘረጋች። ከላይ ወደ ታች አየችው። ጨዋዎቹን ታውቃቸዋለች፤ «እሺ እህቴ» ብለው በሁለት ደቂቃ የሚለቋትን። ሳቂታዎቹንም ታውቃቸዋለች። አራተኛው ላይ ደግሞ ገና «ሄሎ» ሳትል የሚነጫነጨው፣ ለአንዲት ነጥብ ግማሽ ሰዓት የሚከራከራት፣ ሦስቴ ስልክ ጆሮዋ ላይ የዘጋባት ሰውዬ አለ።

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ጣቷን ዝርዝሩ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራታ አራተኛው ላይ አቆመችና፣ በእሱ ጀመረች።